ለማን እንደሆነ አልተገለጸም

አቃቂ፣ እሑድ ጥቅምት 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ በላይነሽ፣

የጅቡቲ ሙቀት ሳያጠወልግሽ፣ ዓይንሽ ክር ከመርፌ ማግባት ሳይሳነው፣ የስፌት መኪናሽም ሳይሰነካከል ይህ ደብዳቤ እንዲደርስሽ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። አብረን ያደግንበት የአክስቴ የእናትሽ ቤትም እንደቆመ ነው። ጣሪያውን ዘንድሮ አሳደስሁት። ሠራተኛው አሥራ አራት ሚስማር አጣሞ መትቶ ነበር፤ ሁሉንም አስነቅዬ እንደገና አስመታሁት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ሮሪሳ ነው። ያ በልጅነታችን ሐዲዱ ላይ ጆሮውን ለጥፎ «መጣ! መጣ!» እያለ ባቡር በሌለበት ያስሮጠን የነበረው ሮሪሳ ዛሬ የባቡር ተቆጣጣሪ ሆኗል። አሁንም መቼ እንደሚደርስ ብትጠይቂው ትክክሉን አይነግርሽም።

ጉዳዬ የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ነው። በምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በገዛ እጄ የድምፅ ማጉያ ጣቢያ መሥራቴን ነግሬሽ ነበር። ሰዉ «የአቃቂ ሬዲዮ» ይለዋል። ሬዲዮ አይደለም። ሬዲዮ በአየር ሞገድ ይሄዳል፤ የእኔ በሽቦ ነው። ይህን ሦስት ዓመት አስረድቼ ስለደከመኝ አንቺም ሬዲዮ በይው። አራት ድምፅ ማጉያዎች አሉኝ፤ አንዱ ዋናው በር ላይ፣ አንዱ ምሳ አዳራሽ፣ አንዱ ክር ማጠንጠኛ ክፍል፣ አራተኛው ከአጥሩ ውጭ ገበያው መካከል ምሰሶ ላይ። ሽመና ክፍል አላስገባሁም፤ እዚያ ከመኪናው ጩኸት የተነሣ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። ሸማኔዎቹ የሚነጋገሩት አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የጧቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ ሲገባ፣ ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ «የዘፈን ምርጫ» አቀርባለሁ። መምረጥ የሚፈልግ ሠራተኛ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ አራት መስመር ነው፦ መራጭ፣ የሥራ ክፍል፣ የተመረጠው ዘፈን፣ ለማን። አራት መስመር ብቻ! ይህን አስተካክሎ የሚሞላው ከሠራተኛው ግማሹ ነው። ጉድለት ያለበትን ምክንያቱን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ እመልሳለሁ። አሥራ አንድ አንቀጽ ያለው መመሪያም አውጥቻለሁ። በአንቀጽ ሰባት መሠረት ለጣቢያው ሠራተኛ ዘፈን መምረጥ ክልክል ነው። ይህን ያወጣሁት ሰዉ እኔን ለመለማመጥ ዘፈን መምረጥ ስለጀመረ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ እኔ ብቻ ነኝ።

አንዲት ሴት ግን ትዕግሥቴን ልትጨርሰው ነው። ወይዘሮ ዳሲቱ ትባላለች፤ የክር ማጠንጠኛ ክፍል ኃላፊና የፕሮግራም ኮሚቴው አባል ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። መጻፍ የማትችል ብትሆን ባልተቆጣሁ፤ የእጅ ጽሑፏ ግን ከእኔ ይበልጣል። ሆኖም በየሳምንቱ ቅጽ ታስገባለች፣ በየሳምንቱም «ለማን» የሚለውን መስመር ባዶ ትተወዋለች። ሦስት ጊዜ «ለማን እንደሆነ አልተገለጸም» ብዬ መለስሁላት። ትናንት ምሳ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ጋሼ ወልደሚካኤል፣ የተበጠሰ ሽቦ ሲፈልጉ እንዴት ነው የሚያደርጉት?» አለችኝ።

«ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ እስከ ሌላው ጫፍ እከተለዋለሁ።»

«እንግዲያ ይከተሉዋ!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ይህ ምን ዓይነት መልስ ነው?

የመርፌውን ቁጥር ለብቻ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ሌላ ቁጥር እንዳትገዢ። ስትጽፊልኝም እባክሽ ቀን ጻፊ።

ታናሽ ወንድምሽ
ወልደሚካኤል


ጅቡቲ፣ ማክሰኞ

(ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ ቀን የለውም። የደረሰው ኅዳር 6 ቀን 1975።)

ለወንድሜ ለወልዴ፣

የእናቴ ምርቃት አይለይህ። ቁጣህን ከጨጓራህ አንሥቶ ሽቦህ ላይ ያድርግልህ። እኔ ደኅና ነኝ፣ ከላቡ በቀር። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ይበቃሃል።

መርፌህን ፍለጋ በዚህ ሐሩር አራት ሱቅ ዞርኩ። አንዱ የመናዊ ነጋዴ ወረቀትህን አገላብጦ አይቶ «ይህን ያዘዘው ሐኪም ነው?» አለኝ። ሁለት ገዝቻለሁ፤ አንዱን ሲናደድ ይሰብረዋል ብዬ።

አሁን ስማኝ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ መርፌው የጻፍከው ሁለት መስመር ነው። ስለዚህች ስለ ዳሲቱ የጻፍከው ግን ገጽ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ምን ትመስላለች? ስንት ዓመቷ ነው? ስትስቅ ምኗ ነው የሚያናድድህ? አንተ የሴት የእጅ ጽሑፍ ስታመሰግን የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያቺ የሞጆዋ ልጅ። የላከችልህን የናፍቆት ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርመህ መለስክላት፤ እሷም ቀለበቱን መለሰችልህ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ብቻህን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነህ።

ከዳሲቱ ቅጾች አንዱን ቃል በቃል ገልብጠህ ላክልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ሮሪሳ «ነገ እሄዳለሁ» ብሎኛል። እንግዲህ ዛሬ ነው የሚሄደው ማለት ነው።

እህትህ
በላይነሽ


አቃቂ፣ እሑድ ኅዳር 26 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ በላይነሽ፣

እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ ደጅሽ ደንበኛ አይጣ። መርፌዎቹ ደርሰዋል፤ ቁጥራቸው ትክክል ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሰሞኑን የጣቢያዬን አሠራር ለወጡብኝ። የፋብሪካችን ካድሬ ጓድ መገርሳ ይባላል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ጨዋ ነው፣ በሩን አንኳኩቶ ይገባል፤ ስለዚህ እንደልብ ልትጮኺበት እንኳ አትችይም። መጥቶ «ጓድ ወልደሚካኤል፣ የዘፈን ምርጫ የግል ስሜት ነው። ለሠራተኛው የሚያስፈልገው የጋራ ስሜት ነው» አለና ከኅዳር 4 ጀምሮ ማርሽ ብቻ እንዲሰማ ተወሰነ።

መጀመሪያው ቅዳሜ ልክ በሰባት ሰዓት ተኩል ማርሹን ለቀቅሁት። ከበሮው ሲመታ ገበያው ቀጥ አለ። በዚህ ዘመን ማርሽ ሲሰማ ስብሰባ ተጠራ ማለት ነው። ጨው ሲመዝን የነበረው ሙሀመድሰዒድ ጨውን ሚዛኑ ላይ ትቶ ሱቁን ዘጋ፤ ሽንኩርት ሻጮቹ ሽንኩርታቸውን ሸፈኑ፤ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ተነሥቶ ወደ ቀበሌ አዳራሽ ጎረፈ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ምሳውን እየበላ ነበር አሉ። ሕዝቡን ባየ ጊዜ ስብሰባው ከበላይ የታዘዘ፣ ሳይነገረው የቀረ መሰለው። እጁን ታጥቦ ወጣና ሰበሰባቸው። ሕዝቡ የጠራን እሱ ነው ይላል፤ እሱ የጠራቸው የበላይ አካል ነው ይላል። አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረ። ስለ ምን እንደተናገረ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ግን በጭብጨባ ተደግፏል።

በሁለተኛው ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሊቀ መንበሩ ንግግሩን ጽፎ፣ ሸሚዝ ለውጦ፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

ባለፈው ዓርብ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዳሲቱ ተነሥታ «ጓድ መገርሳ፣ ማርሹ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ወጥ ያለ ሽንኩርት እየሠራን ነው» አለች። ጓድ መገርሳ ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ምርጫው ይመለስ የሚለውን ሐሳቧን ደገፍሁ።

«ከጋሼ ጋር ተስማማን! ቀኑን መዝግቡልኝ!» ብላ አጨበጨበች።

መዘገብሁት። ኅዳር 24፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ።

በማግሥቱ ምርጫው ተመለሰ። የመጀመሪያውን ቅጽ ያስገባችው እሷ ናት። «ለማን» የሚለው ባዶ ነበር። እንግዲህ መጀመሪያ ከነገርሁሽ ሦስት ጋር ስድስተኛ ጊዜ መለስሁላት ማለት ነው። ለመርሕ ስል አደረግሁት እንጂ ደስ እያለኝ አልነበረም።

ቅጹን ገልብጠህ ላክልኝ ያልሽው አይሆንም። የመራጭን ቅጽ ለሦስተኛ ወገን ማሳየት በአንቀጽ ዘጠኝ ክልክል ነው።

ሁለት ነገር ላኪልኝ። አንድ ነጭ ሸሚዝ፣ አንገቱ 39። አንድ ጠርሙስ ጥቁር የፀጉር ቀለም። ቀለሙ ለሽቦ ምልክት ማድረጊያ ነው።

ወንድምሽ
ወልደሚካኤል


ጅቡቲ፣ ዓርብ መሰለኝ

(ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ «መሰለኝ» ቀን አይደለም። የደረሰው ታኅሣሥ 20 ቀን 1975።)

ለወልዴ፣ ለወንድም ጋሻዬ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለአቃቂ፣ ሰላም ለዚያ ንግግሩን ጽፎ ለመጣው ሊቀ መንበር። ያን ክፍል ለጎረቤቶቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ አንዷ ደንበኛዬ ልብሷን መለካት ትታ ሳቀች።

ሸሚዙን ራሴ ሰፋሁት። አንገትህን ቀድሞም አውቀዋለሁ፤ ስትቆጣ ስለሚያብጥ አርባ አድርጌዋለሁ። የቀለሙ ሻጭ «ለባልሽ ነው?» አለኝ። «አይ፣ ለሽቦ ነው» አልኩት። «ሽቦው ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ። «ሃምሳ ሦስት» አልኩት። ስትቀባ ጆሮህን እንዳትነካ፤ አይለቅም።

ሁለተኛውን ደብዳቤህን ደግሞ መረመርኩት። ዳሲቱን «ወይዘሮ» ማለት ትተሃል። መመሪያህ ይህን ይፈቅዳል?

ቅጹን ገልብጠህ ላክ ብዬሃለሁ! አንቀጽ ዘጠኝህን ለሌላ ንገር፤ እኔ አፍንጫህን የጠረግኩ ነኝ። ካልላክህ ከእንግዲህ መርፌም፣ ቀለምም፣ ሸሚዝም የለም።

በላይነሽ


አቃቂ፣ እሑድ ጥር 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ በላይነሽ፣

ጥምቀቱን በሰላም አሳልፈሽ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚህ በኩል ሰው ሁሉ ጤና ነው። ሸሚዙ ልክ ነው፤ አርባ መሆኑን አልወቅስም።

ቀለሙን በሽቦ ላይ ሞከርሁት፤ አልያዘም። እንዳይባክን ብዬ በሌላ ነገር ላይ ተጠቀምሁበት። በማግሥቱ ዳሲቱ ማጠንጠኛው ክፍል በር ላይ አገኘችኝና ቀና ብላ ጥቂት አየችኝ።

«ጋሼ፣ ሽበትዎን የት ጣሉት?»

ጆሮዬን በእጄ ሸፈንሁ።

«ሄደው ያምጡት። ደግ ሰው የሚያስመስልዎ እሱ ብቻ ነበር።»

አጥቤ ለማስለቀቅ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ጆሮዬ ላይ ያለው አሁንም አለ።

ጣቢያው ደግሞ ተለውጧል። ከታኅሣሥ 16 ጀምሮ ግማሽ ሰዓቱ «የወዳጅ አገሮች ሙዚቃ» ሆነ፤ ለምርጫ የተረፈን ሩብ ሰዓት ነው። በስጦታ ሃያ የቡልጋሪያ ሸክላዎች መጡልን። ተናድጄ ነበር፤ ሸክላውን ሳጫውተው ግን ተገረምሁ። የዳንስ ዜማ ነው፤ ምቱን ብቆጥረው ሰባት፣ እንደገና ብቆጥረው ሰባት። በሰባት ምት ማን ይጨፍራል ብዬ ወደ ማጠንጠኛው ክፍል ብሄድ ሴቶቹ መኪና አቁመው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የአርሲውም የሸዋውም የወሎውም ትከሻ በአንድ ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው! የቡልጋሪያ ሰዎች ይህን ቢያዩ ሸክላውን የእኛ አይደለም ባሉ። ዳሲቱ መካከል ነበረች። እኔ በር ላይ ቆሜ በጣቴ እቆጥራለሁ።

«ጋሼ! ተቆጥሮ አይጨፈርም!» ብላ ጮኸችብኝ።

መቁጠሬን አቆምሁ። አልጨፈርሁም፤ ግን አቆምሁ።

አሁን ክፉውን ልንገርሽ። ትናንት ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ከየካቲት 27 ጀምሮ የፋብሪካዎች ድምፅ ማጉያ በሙሉ የማዕከላዊውን ሬዲዮ ብቻ ያስተላልፋል። የዘፈን ምርጫ የካቲት 26 ለመጨረሻ ጊዜ ይቀርባል። ጓድ መገርሳ ራሱ አዝኖ ነው የነገረኝ። ይህን ያህል ዓመት የሠራሁት ጣቢያ መሰኪያ ሆኖ ሊቀር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዳሲቱ ከታኅሣሥ 9 ወዲህ ቅጽ አላስገባችም። ያን ቀን የመለስሁላት ስምንተኛው ነበር። ተቀብላኝ አልሳቀችም። ይኸው አምስት ቅዳሜ ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው የእሷን እጅ ጽሑፍ ነው። የለም። ጥፋቱ የእሷ ነው፤ አራት መስመር መሙላት ከባድ አይደለም። ይሁን እንጂ ሳጥኑ ባዶ ይመስለኛል፣ ሠላሳ ቅጽ እያለበት።

ደጋግመሽ ስለጠየቅሽ፣ አንቀጽ ዘጠኝን ጥሼ ስምንተኛውን ቅጽ ከትዝታ ገልብጬልሻለሁ፦

መራጭ፦ ዳሲቱ ቡልቻ
የሥራ ክፍል፦ ክር ማጠንጠኛ
የተመረጠው ዘፈን፦ ባለማሲንቆው፤ ሰውዬው ደጅ ቆሞ እስኪጠሩት የሚጠብቀው
ለማን፦

ከታች በትንሹ «አንቀጽ ሰባትን ይመልከቱ» የሚል አለበት። አንቀጽ ሰባትን ተመለከትሁ። የጻፍሁት እኔው ነኝ። ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ወንድምሽ
ወልደሚካኤል


ጅቡቲ፣ ሐሙስ

(ዳር ላይ በእርሳስ፦ የደረሰው የካቲት 26 ቀን 1975፣ ከጧቱ 4፡40።)

ወልዴ!

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ፤ ሮሪሳ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

አንቀጽ ሰባት ለጣቢያው ሠራተኛ ዘፈን አይመረጥም ይላል። የጣቢያው ሠራተኛ ስንት ነው? በመጀመሪያው ደብዳቤህ ራስህ ጽፈኸዋል፤ እዚህ ፊቴ አለ፦ «የጣቢያው ሠራተኛ እኔ ብቻ ነኝ።» እንግዲህ ይህች ሴት ስሙን መጻፍ የተከለከለችው ሰው ማን ነው? ቅጹን የሚያነበውስ ማን ነው? ስምንት ጊዜ አንኳኳች፤ ስምንት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ «ማን ልበል?» አልካት!

ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው አለችህ። ጫፉ ላይ ያለኸው አንተ ነህ፣ የኔ ኢንጂነር።

እንደ ሞጆዋ ልጅ እንዳታደርጋት። የካቲት 26 ሳያልፍ። ይህ ደብዳቤ እንዲደርስህ ሮሪሳን በእናቱ አስምዬዋለሁ።

በላይነሽ


አቃቂ፣ እሑድ የካቲት 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ፣ ለዓይኔ፣ ለእትዬ በላይነሽ፣

ዕድሜሽን እንደ ሐዲዱ ያርዝመው። እጅሽን እስማለሁ።

የባቡሩ ሞተር ድሬዳዋ ተበላሽቶ ደብዳቤሽ ሁለት ሳምንት እዚያ ተቀመጠ። ትናንት ጧት ሮሪሳ ከአቃቂ ጣቢያ እስከ ፋብሪካው በር ሮጦ አመጣው። በዚያ ሰውነቱ ሲሮጥ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ተቆጣሁ። በአንቺ ተቆጣሁ፣ በሮሪሳ፣ በመመሪያው፣ መመሪያውን በጻፈው ሰው። ከዚያ ቁጣው አለቀ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ፈለግሁት፣ የለም።

ሳጥኑን ከፈትሁ። ቅጽ አላስገባችም። ስምንቱን ሁሉ መልሼላታለሁ፤ እጄ ላይ አንድም የለም። ያለ ቅጽ ዘፈን አላሰማም፤ ይህን እንኳ ለማንም አልለውጥም። ግማሽ ሰዓት ያህል መመሪያዬን ይዤ ተቀመጥሁ፤ በመጨረሻ አገኘሁት። አንቀጽ ሰባት ለጣቢያው ሠራተኛ መምረጥን ይከለክላል እንጂ የጣቢያው ሠራተኛ ለሌላ ሰው እንዳይመርጥ አይከለክልም! ቅጽ አውጥቼ ሞላሁ።

ምርጫው ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ማይክሮፎኑን ከፈትሁ።

«መራጭ፣ ወልደሚካኤል ገብረጻድቅ። የሥራ ክፍል፣ ኤሌክትሪክ ጥገናና ድምፅ ማጉያ ጣቢያ። የተመረጠው ዘፈን፣ ባለማሲንቆው፣ ደጅ የቆመው ሰውዬ። ለማን…»

በጣቢያው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ አንድ ሴኮንድ ዝምታ ተላለፈ።

«ለወይዘሮ ዳሲቱ ቡልቻ፣ ክር ማጠንጠኛ። መራጩ ስምንት ጊዜ ስለተሳሳተ ይቅርታ ይጠይቃል።»

መርፌውን አስቀመጥሁ። አንቺ የላክሽው መርፌ ነው። ሮሪሳ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ወደ ውጭ ያያል። «በር ላይ ያሉት ሁሉ ቆሙ! ኧረ እየሳቁ ነው! ሙሀመድሰዒድ ከሱቁ ወጣ!» ይለኛል። ቀጥሎ «መጣች! መጣች!» ብሎ ጮኸ። አላመንሁትም። አርባ ዓመት ሙሉ «መጣ! መጣ!» ብሎ ዋሽቶኛልና ዞር ብዬም አላየሁት።

በሩ ተከፈተ። ዳሲቱ ናት፤ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ስምንቱን ቅጽ በክር አስራ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፈታቻቸው። በሁሉም ላይ፣ ከእኔ ቀይ ጽሑፍ አጠገብ፣ «ለማን» የሚለው በሰማያዊ ተሞልቷል። በሁሉም ላይ የእኔ ስም ነው።

«አሁን ተሟልቷል? ወይስ ሌላ ጉድለት አለው?»

አየሁት። ሦስተኛው ላይ የሥራ ክፍሉ አልተጻፈም ነበር። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እትዬ፣ ምንም አላልሁም።

«አንቀጽ ሰባትስ?» አለችኝ።

«ተሽሯል።»

«በማን ውሳኔ?»

«በጣቢያው ሠራተኞች በሙሉ ድምፅ።»

ሳቀች። እኔ ቆሜ አያታለሁ። ማሲንቆው አልቆ ሸክላው ባዶውን ይሽከረከራል፤ አራቱም ድምፅ ማጉያ ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል።

«ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሸክላው አለቀ እኮ!»

«ታየኛለህ» ነው ያለችኝ እንጂ «ያዩኛል» አይደለም። ጋሼም አላለችም። ይህን መዝግቤዋለሁ።

ስምንቱን ዘፈን ሁሉ፣ ባለማሲንቆውንም በድጋሚ፣ አጫወትሁላት። ስምንት ሰዓት ከሩብ አለፈ፣ ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሆነ። የጧቱ ፈረቃ አልሄደም፤ የከሰዓቱ አልገባም። በሩ ላይ፣ ገበያውም ውስጥ ጭፈራ ሆነ። ድምፅ ማጉያ የሌለው ሽመና ክፍል እንኳ አልቀረበትም፤ አንዱ በመስኮት የሰዉን ከንፈር አይቶ ለአጠገቡ፣ አጠገቡ ላለው ለሌላው በከንፈር እያስተላለፈ ከሁሉ በፊት ወሬውን የጨረሱት እነሱ ናቸው አሉ።

ጓድ መገርሳ እያለከለከ መጣ፤ ግን አንኳኩቶ ነው የገባው።

«ጓድ ወልደሚካኤል፣ ሥራ እኮ ቆመ! ይህ የግል ስሜት ነው!»

«የጋራ ነው፣ ጓድ» አለችው ዳሲቱ። «ሁለት ነን።»

እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠና የመጨረሻውን ዘፈን አብሮን ሰማ። በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቀን ስላልነበረው በቀይ ምልክት አድርጌ መለስሁለት።

ዛሬ ጧት የማዕከላዊውን ሬዲዮ ሽቦ በገዛ እጄ አገናኘሁ። የሚተላለፈው ዜና ነው። የማዝን መስሎኝ ነበር፤ ግን ሥራውን ስሠራ የቡልጋሪያውን ዜማ እያንጎራጎርሁ እንደነበር ያወቅሁት ዳሲቱ ስትነግረኝ ነው። ምቱንም ስቼዋለሁ አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለአጎቷ ሽማግሌ እልካለሁ። ሠርጉ በዳግማይ ትንሣኤ፣ እሑድ ግንቦት 7 እንዲሆን አስበናል። ጓድ መገርሳ ማጉያውን ለሠርግ ማዋስ የሚከለክል መመሪያ አላገኘሁም ብሏል። እኔም አብሬው ፈልጌ አላገኘሁም።

መርፌም፣ ቀለምም፣ ሸሚዝም አልጠይቅሽም። አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራስሽ ነይልኝ።

ወንድምሽ
ወልደሚካኤል


ጅቡቲ፣ ሐሙስ መጋቢት 22 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ

ለወንድሜ ለወልዴና ለእህቴ ለዳሲቱ፣

ቤታችሁ እንደዚያ ቅዳሜ ይሁን፤ ደጁ ላይ ሰው የሚቆምበት፣ ሳቅ የማይጠፋበት። እልልታዬን በወረቀት መላክ ስላልተቻለኝ ይዤው እመጣለሁ። ቀኑንም ሰዓቱንም ጽፌያለሁ፤ አትልፋ።

ሮሪሳ የትንሣኤ ማግሥት እንሣፈራለን ብሏል። አላመንኩትም፤ የስቅለት ዕለት ጓዜን ይዤ ጣቢያ እቀመጣለሁ። የዳሲቱን ቀሚስ ቆርጬ ጀምሬዋለሁ። ልኳን የሚነግረኝ ስላጣሁ ከደብዳቤዎችህ ነው የገመትኩት፤ «ቀና ብላ አየችኝ» ብለህ እስከ ቁመቷ ድረስ ጽፈሃል፣ አታስታውሰው ይሆናል።

ለሠርጉ ቀን ዘፈን መርጫለሁ። ቅጹ ይኸውልህ፦

መራጭ፦ በላይነሽ ካሳዬ
የሥራ ክፍል፦ ስፌት፣ ጅቡቲ
የተመረጠው ዘፈን፦ የቡልጋሪያው፣ ባለ ሰባት ምቱ፤ ሙሽራው ሳይቆጥር እንዲጨፍርበት
ለማን፦

ስምንት ጊዜ እንዳትመልስልኝ።